የኢምቤድድ ሲስተም ኩባንያን የዊኪፔዲያ ገጽ እንዴት እናርማለን? ዊንድ ሪቨርን ይዘን እንየው

የኩባንያ ገጽ ማረም የሐይቅ ወይም የተራራ ገጽ እንደማረም ቀላል አይደለም። ስለ ጣና ብትጽፉ ማንም «ስንት ተከፈለህ?» አይላችሁም። ስለ አንድ ኩባንያ ሁለት መስመር ስትጨምሩ ግን ከጽሑፋችሁ በፊት የምትመረመሩት እናንተ ናችሁ።

ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2013 ዊኪ ፒአር የሚባል ድርጅት ለደንበኞቹ ገጽ በክፍያ ሲጽፍ ተደርሶበት ከ250 በላይ አካውንቶች ተዘጉ። በ2015 ደግሞ ኦሬንጅሙዲ በሚባለው ጉዳይ 381 አካውንቶች ታገዱ። እነዚያ ሰዎች «ገጻችሁን እናወጣላችኋለን፣ እንጠብቅላችኋለን» እያሉ ከትንንሽ ንግዶች ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ነባር አርታኢዎች የኩባንያ ገጽን በጥርጣሬ ነው የሚያዩት፤ አይፈረድባቸውም።

የኢምቤድድ ሲስተም ኩባንያ ሲሆን ሌላ ጣጣ ይጨመርበታል። ኢምቤድድ ሲስተም ማለት በሌላ ዕቃ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ የተወሰነ ሥራ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። ፍሬን ውስጥ አለ፣ ራውተር ውስጥ አለ፣ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጠው ፓምፕ ውስጥ አለ፣ ሳተላይት ላይም አለ። ተጠቃሚው ስለማያየው ጋዜጠኛም ብዙ አይጽፍበትም። ስለዚህ የእነዚህ ኩባንያዎች ገጽ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የማርኬቲንግ ክፍሉ ብሮሹር ተገልብጦበታል፣ ወይ አንድ መሐንዲስ ከራሱ ትዝታ ያለ ምንም ምንጭ ጽፎታል። ሁለቱም እርማት ይፈልጋሉ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የመሐንዲሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ውስጡ ነገር አለ።

ለምሳሌ እንዲሆነን ዊንድ ሪቨርን እንውሰድ። በ1981 ጄሪ ፊድለር በካሊፎርኒያ በርክሊ የጀመረው ኩባንያ ነው፤ ዴቪድ ዊልነር አብሮት ሠርቷል። በ1987 ቪኤክስወርክስ የሚባለውን ሪል ታይም ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም እያንዳንዱን ሥራ በተወሰነለት ጊዜ እንዲያልቅ የሚያደርግ ሲስተም፣ አወጡ። በ1993 አክሲዮኑ ለሕዝብ ቀረበ፣ በ2009 ኢንቴል ገዛው፣ በ2018 ወደ ኢንቨስትመንት ድርጅቱ ቲፒጂ ተሻገረ፣ በ2022 መጨረሻ የመኪና ቴክኖሎጂ አምራቹ አፕቲቭ እጅ ገባ። ባለቤት ሲቀያየርበት የኖረ ኩባንያ ገጹ ላይ ስህተት ለመጠራቀም የተመቸ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አካውንት ክፈቱ። ስማችሁን ስትመርጡ የኩባንያ ስም ብቻውን አታድርጉት፤ «ዊንድ ሪቨር ሶፍትዌር» ብላችሁ ከገባችሁ እንደ ማስታወቂያ ተቆጥሮ ይዘጋል። አካውንት የአንድ ሰው ነው፣ የቢሮ አይደለም። የምትሠሩበትን ድርጅት ማሳወቅ ከፈለጋችሁ «እገሌ ከእገሌ ድርጅት» የሚል ስም ይፈቀዳል።

ቪፒኤን ከከፈታችሁ ዝጉት። ዊኪፔዲያ የታወቁ የቪፒኤን አድራሻዎችን አግዷል። አገር ቤት ቪፒኤን ከስልኩ የማይጠፋ ሰው ብዙ ነውና «ታግደሃል» የሚል ጽሑፍ አይቶ ከነጭራሹ የሚተው አለ። በሞባይል ዳታም ቢሆን ብዙ ስልኮች አንድ አድራሻ ስለሚጋሩ፣ ሌላ ሰው ባጠፋው የእናንተም መስመር ታግዶ ልታገኙት ትችላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ በአካውንት ስትገቡ ያልፋል።

አዲስ አካውንት ወዲያውኑ ሁሉንም አይፈቀድለትም። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አዲስ ገጽ በቀጥታ ለማውጣት ወይም በከፊል የተቆለፈ ገጽ ለማረም አካውንቱ 4 ቀን ሊሞላውና 10 እርማት ሊኖረው ይገባል። እነዚያን 10 እርማቶች ኩባንያው ገጽ ላይ አትጨርሷቸው። የሰፈራችሁን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የምትወዱትን እግር ኳስ ተጫዋች፣ የተማራችሁበትን ዩኒቨርሲቲ ገጽ እዩ፤ የፊደል ግድፈት ወይም የሞተ ሊንክ አይጠፋም። አካውንቱ ከተከፈተ ጀምሮ ስለ አንድ ኩባንያ ብቻ ሲጽፍ ያዩት አርታኢ ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ከዲሲ እስከ ሲሊከን ቫሊ፣ ከጀርመን እስከ ዱባይ በቴክኖሎጂ ኩባንያ የሚሠሩ ወገኖች ብዙ ናቸው፤ «የድርጅቴ ገጽ ተበላሽቷል፣ ላስተካክለው» ማለት ደግሞ ተፈጥሯዊ ነው። ግን የጥቅም ግጭት ይባላል፤ ደመወዝ የምትበሉበትን ድርጅት ገጽ በቀጥታ እንዳታርሙ ዊኪፔዲያ አጥብቆ ይመክራል። ለዚሁ ሥራ የሚከፈላችሁ ከሆነ ደግሞ ምክር መሆኑ ያበቃል፤ ከ2014 ጀምሮ የአጠቃቀም ውሉ ማን እንደከፈላችሁና ለማን እንደምትሠሩ እንድትገልጹ ያስገድዳል። አለቃችሁ «እስቲ ዊኪፔዲያችንን አሳምረው» ብሏችሁ በሥራ ሰዓት ብትሠሩትም ተከፍሏችሁ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የገጹ የውይይት ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ማን እንደሆናችሁ ትናገራላችሁ፣ ከዚያ የእርማት ጥያቄ ታቀርባላችሁ። ጥያቄው ተቆርጦ የሚለጠፍ ዓይነት ይሁን፦ ይህ ዓረፍተ ነገር ይውጣ፣ ይህ ይግባ፣ ምንጩ ይኸውላችሁ። «ገጹ ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ እባካችሁ አሻሽሉት» የሚል ጥያቄ ማንም አይነካውም። ተራው ሊረዝም ይችላል፤ የሚያዩት ፈቃደኛ ሰዎች ናቸውና ሳምንታት ቢወስድ አትቆጡ። የፊደል ስህተትን ወይም ግልጽ የሆነ ማበላሸትን ግን ራሳችሁ ብታስተካክሉ ችግር የለውም።

መጀመሪያ መቀነስ፣ ከዚያ መጨመር

ገጹን ከላይ እስከ ታች አንብቡት፣ የውይይት ገጹንና የለውጥ ታሪኩንም ክፈቱ። ልትጨምሩት ያሰባችሁት ነገር ከዓመታት በፊት ገብቶ፣ ተከራክረውበት፣ የወጣ ሊሆን ይችላል። እሱን ሳታዩ ደግማችሁ ብታስገቡት በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል።

የመጀመሪያ እርማታችሁ ቅጽል መንቀል ይሁን። የኩባንያ ገጽ ላይ የሚገኘው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው (ይሄኛው እኔ የፈጠርኩት ነው)፦ «ዊንድ ሪቨር ለደንበኞቹ አስተማማኝና ዘመናዊ መፍትሔዎችን በማቅረብ በኢምቤድድ ዘርፍ የዓለም ግንባር ቀደም መሪ ነው።» ከዚህ ውስጥ መረጃ የሚባል ነገር ፈልጉ። የለም። ይልቅ እንዲህ ይባል፦ «ዊንድ ሪቨር መቀመጫውን በካሊፎርኒያ አላሜዳ ያደረገ፣ ቪኤክስወርክስ የተባለውን ሪል ታይም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ የአሜሪካ ሶፍትዌር ኩባንያ ነው።» ደረቅ ነው፤ ደረቅ መሆኑ ነው የሚያቆየው።

ሽልማቶችም እንደዚሁ። አንድ የንግድ መጽሔት ለማስታወቂያ ሰጪዎቹ የሚያድለው «የዓመቱ ምርጥ» ቢወጣ ማንም አይጎዳም። የምርት ዝርዝር ከነሥሪት ቁጥሩ ከተደረደረም አሳጥሩት፤ ዊኪፔዲያ ካታሎግ አይደለም። የደንበኞች ስም ዝርዝር ካለ ደግሞ ከኩባንያው ድረ ገጽ ውጭ ማን እንደጻፈው እዩ፤ ማንም ካልጻፈው ይውጣ። ስታወጡ ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጥረጉት። አንድ ነገር አውጡ፣ ለምን እንዳወጣችሁ በማጠቃለያው ሳጥን አንድ መስመር ጻፉ፣ አስቀምጡ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። እንዲህ ሲሆን የማይስማማ ሰው የማይስማማበትን ብቻ ይመልሳል፤ ሃያ ለውጥ ባንድ ጊዜ ካስገባችሁ ግን አንዱን ጠልቶ ሃያውንም ይመልስባችኋል።

ገንዘብና ቀን፣ ትልቁ ወጥመድ

ስለ ግዢ ዜና ሲጻፍ ሁለት ቀን አለ። አንዱ ስምምነቱ የተነገረበት፣ ሌላው ግዢው የተጠናቀቀበት። ሁለቱን ማምታታት የኩባንያ ገጾች ዋና በሽታ ነው፣ ዊንድ ሪቨር ደግሞ የመማሪያ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። አፕቲቭ በጥር 2022 ዊንድ ሪቨርን በ4.3 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ መስማማቱ ተነገረ። ዜናው በየቦታው የወጣው ያን ጊዜ ነው። በታኅሣሥ 2022 ግዢው ሲጠናቀቅ ግን ዋጋው ወደ 3.5 ቢሊዮን ወርዶ ነበር። ያን ጊዜ የጻፈው ሰው ያንሳል፤ መጠናቀቅ እንደ ጅምሩ ዜና አይሆንማ። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ መጀመሪያ ያገኛችሁትን ቁጥር ብትወስዱ 800 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ስህተት ታስገባላችሁ፣ ያውም አስተማማኝ ከሚባል ጋዜጣ ምንጭ ጋር!

መፍትሔው ሁለቱንም መጻፍ ነው፦ በጥር በዚህ ዋጋ ተስማሙ፣ በታኅሣሥ በዚህ ዋጋ ተጠናቀቀ፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ምንጭ። «ሊገዛ ነው» የሚል ያረጀ ዓረፍተ ነገር ገጹ ላይ ተረስቶ ከቀረም ወደ ኃላፊ ጊዜ ቀይሩት። የኢንቴል ግዢ ቀላል ነው፤ ሰኔ 2009 ላይ ተነገረ፣ 884 ሚሊዮን ዶላር፣ በዚያው ክረምት ተጠናቀቀ።

ምንጭ የሚባለው የቱ ነው?

ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከኩባንያው ነፃ የሆነ ሰው ነው ወይ የጻፈው? የሮይተርስ ወይም የኒው ዮርክ ታይምስ ዘገባ ይሆናል። ኩባንያው ያወጣው ጋዜጣዊ መግለጫ ግን በቢዝነስ ዋየር ወይም በፒአር ኒውስዋየር (መግለጫ በክፍያ የሚያሰራጩ ድርጅቶች ናቸው) በኩል ስለወጣ ዜና አይሆንም፤ አሁንም ኩባንያው ስለራሱ የተናገረው ነው። ፎርብስ ላይ የወጣ ሁሉ ፎርብስ አይደለም፤ የጸሐፊው ስም ሥር «ኮንትሪቢዩተር» የሚል ካለ ተዉት። የኩባንያዎች መረጃ ማከማቻ የሆነውን ክረንችቤዝን ዊኪፔዲያ እንደ ምንጭ አይቀበለውም። ሊንክድኢንም አያዋጣም።

አክሲዮናቸው ለሕዝብ ለሚሸጥ የአሜሪካ ኩባንያዎች አንድ ጥሩ ምንጭ አለ፤ በየዓመቱ ለአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚያስገቡት ሪፖርት። ዊንድ ሪቨር ከ1993 እስከ 2009 የራሱን ሲያስገባ ኖሯል፣ ስለ 2022ቱ ግዢ ደግሞ የአፕቲቭ ሪፖርት ይናገራል። ኩባንያው ራሱ የጻፈው ቢሆንም ቢዋሽ በሕግ ስለሚጠየቅበት ለደረቅ ቁጥር፣ ለገቢ፣ ለሠራተኛ ብዛት፣ ለቀን ይጠቅማል። «ኩባንያው የገበያው መሪ ነው» የሚለውን ከዚያ ቀድታችሁ አታምጡ።

የሞተ ሊንክ ካገኛችሁ ምንጩን አትሰርዙት። አድራሻውን ገልብጣችሁ ዌይባክ ማሽን በሚባለው የድሮ ድረ ገጾች ማኅደር ውስጥ ፈልጉትና የተቀመጠውን ቅጂ ጨምሩለት። የኢምቤድድ መጽሔቶች ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ ባለቤት ስለሚቀያይር ይህ ሥራ ማለቂያ የለውም፤ ግን ማንም የማይከራከራችሁ፣ ሁሉም የሚያመሰግናችሁ እርማት ይኸው ነው።

ደግሞ አዲስ ገጽ ልታወጡ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ እነዚህን ነፃ ምንጮች ቁጠሩ። ስለ ኩባንያው በዝርዝር የጻፉ፣ ከአንድ በላይ፣ ነፃ የሆኑ ምንጮች ከሌሉ ገጹ ይሰረዛል። «ይህን ያህል ሚሊዮን ኢንቨስትመንት አገኘ» የሚል አጭር ዜና አይቆጠርም። ብዙ ጎበዝ የቺፕና የቦርድ አምራቾች በዚህ መስፈርት ይወድቃሉ፤ ጎበዝ መሆንና ስለሱ መጻፉ የተለያዩ ናቸው።

ቴክኒኩ ላይ ስትደርሱ

እዚህ ጋ ነው የሙያው ሰው የሚጠቅመውም የሚያጠፋውም። ማርስ ፓዝፋይንደር የተባለችውን የናሳ መንኮራኩር ታሪክ ውሰዱ። ሐምሌ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ አረፈች፣ ከቀናት በኋላ ኮምፒውተሯ ደጋግሞ ራሱን ሪስታርት ያደርግ ጀመር። የሚሠራው በቪኤክስወርክስ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ሁኔታ ሥራ አንድ የጋራ ቁልፍ ይዟል፤ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ያንን ቁልፍ ይጠብቃል፤ መሃል ላይ ያለው ሌላ ሥራ ደግሞ ይገባና ቁልፉን የያዘውን እንዳይሠራ ያደርገዋል። ከፍተኛው ሥራ በጊዜው ባለመጨረሱ መዘግየትን የሚቆጣጠረው ጠባቂ ሰዓት ሲስተሙን እንደገና ያስነሳዋል። የናሳ ጄፒኤል መሐንዲሶች መሬት ላይ ችግሩን ደግመው ፈጠሩት፣ ቪኤክስወርክስ ውስጥ የነበረውን ቁልፍ የያዘው ሥራ ቅድሚያ እንዲወርስ የሚያደርግ ምርጫ ከምድር ሆነው አበሩት፣ ዳነ።

አሁን ይሄን የት ትጽፉታላችሁ? የኩባንያው ገጽ ላይ ሦስት አንቀጽ ብታደርጉት ይወጣል። ቦታው የቪኤክስወርክስ ገጽና የፓዝፋይንደር ገጽ ነው፤ ኩባንያው ዘንድ አንድ መስመርና ሊንክ ይበቃል። ቃሉንም ተጠንቀቁ። «ቪኤክስወርክስ ማርስ ላይ ተበላሸ» ስህተት ነው፣ ምርጫው ነበረ፣ አልበራም እንጂ። «ቪኤክስወርክስ ተልእኮውን አዳነ» ደግሞ ማስታወቂያ ነው።

ከጉጉት የሚመጣ ስህተትም አለ። ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ፣ ኪዩሪዮሲቲ፣ ፐርሲቪራንስ የሚባሉት የማርስ ተሽከርካሪዎች የተገጠመላቸው ቪኤክስወርክስ ስለሆነ፣ ፐርሲቪራንስ ሆዷ ሥር ይዛት የሄደችው ሄሊኮፕተር ኢንጀኒዩቲም አብራ ዝርዝሩ ውስጥ ብትገባ ማን ይከለክላል? እውነታው ይከለክላል። ኢንጀኒዩቲ የሠራችው በሊኑክስ ነው። ለእያንዳንዱ ስም የየራሱ ምንጭ ጠይቁ።

ደስ የማይል ታሪክ ሲመጣ ደግሞ ሚዛን ያስፈልጋል። በሐምሌ 2019 አርሚስ የሚባል የደኅንነት ኩባንያ ቪኤክስወርክስ ውስጥ ለጥቃት የሚያጋልጡ 11 ክፍተቶች አግኝቻለሁ አለ፤ ኧርጀንት 11 ተባሉ። ክፍተቱ የነበረው አይፒኔት በሚባለው የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ሲሆን ይህን የሠራው ኢንተርፒክ የተባለ የስዊድን ኩባንያ ነው፤ ዊንድ ሪቨር በ2006 ገዛው። ከዚያ በፊት አይፒኔትን ከኢንተርፒክ የወሰዱ ሌሎች ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችም ነበሩ። አርሚስ ከ200 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች ይነካል ብሎ ገመተ፤ ዊንድ ሪቨር ቁጥሩ ያን ያህል አይሆንም አለ። ገጹ ላይ የሚጻፈው ልክ እንዲህ ነው፤ እገሌ ይህን አለ፣ እገሌ ይህን መለሰ። «200 ሚሊዮን መሣሪያዎች ተጠቁ» ብላችሁ በራሳችሁ ድምፅ ከጻፋችሁ ስህተት ነው፣ አደጋ ላይ መሆንና መጠቃት አንድ አይደሉም። የኩባንያው ሰው ሆናችሁ ክፍሉን በሙሉ ከሰረዛችሁት ደግሞ የባሰ ትኩረት ትስባላችሁ።

እናንተ ራሳችሁ በቪኤክስወርክስ ዓመታት ሠርታችሁ የምታውቁት ነገር ካለ፣ እሱም ምንጭ ይፈልጋል። ይሄ መሐንዲሶችን በጣም ያበሽቃል። ግን ቀድማችሁ የታመነ መጽሔት ላይ ካላሳተማችሁት ዊኪፔዲያ ላይ አይገባም።

ከተመለሰባችሁ

ይመለስባችኋል፣ አይቀርም። ወዲያው መልሳችሁ አታስገቡት። በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ የሌላ ሰውን ሥራ የመለሰ ይታገዳል፣ 3 ደግሞ ኮታ አይደለም። ወደ ውይይት ገጹ ሂዱ፣ ምንጩን አስቀምጡ፣ ሰውየውን በስሙ ጥሩት፣ ጠብቁ። አንዳንዴ የመለሰባችሁ ሮቦት ነው፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ክሉቦት የሚባል ማበላሸት የመሰለውን የሚጠርግ ፕሮግራም አለ። ተሳስቶ ከሆነ በመልእክቱ ውስጥ ማሳወቂያ ሊንክ ይሰጣችኋል።

አማርኛው ላይ ስትጽፉ

የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፍ ነው ያለው፤ ስለ ኢምቤድድ ሲስተም ብዙ አትጠብቁ። ከእንግሊዝኛው መተርጎም ይቻላል፣ የይዘት መተርጎሚያ መሣሪያም አለ። የማሽኑን ትርጉም እንዳለ አትለጥፉት። በእጃችሁ ከተረጎማችሁ ደግሞ የዊኪፔዲያ የቅጂ ፈቃድ ምንጩን መጥቀስ ስለሚያስገድድ በማጠቃለያው ሳጥን ከየትኛው ገጽ እንደወሰዳችሁ ጻፉ። እዚህ የሚያርማችሁ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ማስታወቂያውን እዚያ ትቶ መምጣት የእናንተ ሥራ ነው።

ትልቁ ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። ወር የሌለው ዓመት በትክክል አይለወጥም፤ 1981 ማለት በእኛ 1973ም 1974ም ነው። እንዲህ ያለውን «እ.ኤ.አ. 1981» ብላችሁ ተዉት። ወሩ ካለ ግን መለወጥ ይጠቅማል። ያቺ የአፕቲቭ ግዢ በፈረንጁ ሁለቱም 2022 ሆና ታምታታለች፤ በእኛ ግን ስምምነቱ ጥር 2014፣ መጠናቀቁ ታኅሣሥ 2015 ነው። አንድ ገጽ ውስጥ ሁለቱን አቆጣጠር ከቀላቀላችሁ ግን እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ሳትጽፉ አትለፉ።

መጨረሻ ላይ ዊኪዳታ አለ፤ የሁሉም ቋንቋ ዊኪፔዲያዎች የሚጋሩት የመረጃ ቋት ነው። በእጅ የተፈጠረ አዲስ የአማርኛ ገጽ ከሌሎቹ ቋንቋዎች ጋር በራሱ አይገናኝም። የዊንድ ሪቨርን የዊኪዳታ ገጽ ክፈቱ፣ የዊኪፔዲያ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን ምረጡ፣ የገጻችሁን ርዕስ ልክ እንደተጻፈው አስገቡ። ባለቤቱ ወይም ዋና መሥሪያ ቤቱ ያረጀ መረጃ ከያዘ እግረ መንገዳችሁን ከነምንጩ አስተካክሉ፤ ብዙ የቋንቋ ገጾች የጎን ሰንጠረዣቸውን ከዚያ ነው የሚስቡት። ከዚያ የእንግሊዝኛው ገጽ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ ይታያል። ካልታየ ትንሽ ቆይታችሁ ሪፍሬሽ አድርጉት።